ቅርጫ በቦከንሃይም፦ እኩል መደብ፣ እንደ አቅም ክፍያ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አንድ የድሮ ወዳጄ ከሙኒክ መጥቶ በላይፕሲገር ሽትራሰ አብረን ስንዘዋወር፣ «እናንተ ሰፈር ሥጋ በደመወዝ ልክ ነው የሚሸጠው አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወሬው ከየት እንደደረሰው አላውቅም። ሳቅሁና «ሥጋውስ ለሁሉም እኩል ነው፤ እንደየሰዉ አቅም የሚለያየው ክፍያው ነው» አልኩት። «እንዴት ተደርጎ?» አለኝ። መልሱ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አልሆነም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ከዚያ በኋላ ነው። ከእርሻ ጋር የሥጋ ድርሻ ውል ለመግባት ለሚያስቡ፣ እንዲሁም በየሚኖሩበት ከተማ ለበዓል ቅርጫ ለሚያስተባብሩ ወገኖች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርጫችን ልጀምር

ቅርጫ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም ለኋላው ነገር ስለሚያስፈልገን አሠራሩን ላስታውስ። ለበዓል ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። በሬው ታርዶ ይበለታል፤ ከዚያም ከየብልቱ ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከፍሪምባውም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ይካፈላል እንጂ «ሽንጡ ለእገሌ፣ አጥንቱ ለእገሌ» አይባልም። የሚደለድለው ሰው ዐይኑ የሠለጠነ ቢሆንም በዐይን ብቻ አይታመንም። መደቦቹ ከተደረደሩ በኋላ እያንዳንዱ ባለድርሻ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ስንጥር፣ የተገኘውን። ምልክቶቹን ሰብስቦ የማን እንደሆኑ የማያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። ቅሬታ የለም።

ይህን ብልሃት አባቶቻችን ያለ ሚዛን ሠርተውታል። የቅርጫ ፍትሕ ሁለት እግር አለው፦ እኩል መዋጮና እኩል መደብ። ዕጣው ሁለተኛውን ይጠብቃል። የመጀመሪያውን የሚጠብቅልን ግን ምንም የለም፤ ሁላችንም እኩል መክፈል እንችላለን ብለን እንነሣለን።

እዚህ ፍራንክፈርት ከሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ 12 ቤተሰብ ሆነን ለፋሲካ በሬ እንገዛ ነበር። ያኔ ለአንድ መደብ 150 ዩሮ ገደማ እናዋጣለን። ከመካከላችን አንዲት እህታችን ነበረች፤ ሌሊት ሌሊት የባንክ ሕንፃዎችን ታጸዳለች፣ ቀን ትተኛለች፣ የቀራትን ደሴ ለእናቷና ለሟች ወንድሟ ልጆች ትልካለች። ጨጓራ በማጠብና ዱለት በመሥራት የሚያህላት አልነበረም። አንድ ዓመት «ሥራ አለብኝ» ብላ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። እኛም ሌላ ሰው ተክተን ቀጠልን። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልጠየቅንም።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2016 መሆኑ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ቦከንሃይመር ቫርተ በሚቆመው ገበያ ተገናኘን። ድንች እየመረጠች ነበር። «ምነው ጠፋሽ? ቅርጫውንስ ለምን ተውሽው?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜ፣ መቶ ሃምሳ ዩሮ ነው ስትሉኝ ግማሽ መደብ ስጡኝ ልል አስቤ ነበር። ግን ግማሽ መደብ የሚወስድ ሰው ስሙም ግማሽ ሆኖ ይቀራል።»

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ንግግሯን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የእርሻው ማኅበር ምንድን ነው?

በጀርመን አገር «ዞሊዳሪሸ ላንድቪርትሻፍት»፣ በአጭሩ «ዞላቪ» የሚባል የገበሬና የተመጋቢ ማኅበር አለ። በእኛ ቋንቋ የመረዳዳት እርሻ ልንለው እንችላለን። ገበሬው ሥጋውን፣ አትክልቱን ወይም ወተቱን በኪሎ እየመዘነ አይሸጥም። አባላት የእርሻውን የአንድ ዓመት ወጪ ተካፍለው ይሸፍናሉ፤ እርሻው ያፈራውንም ይካፈላሉ። ምርት ሲበዛ ብዙ፣ ሲያንስ ጥቂት ይደርሳቸዋል። ድርቅ ሣሩን ቢያደርቀው ወይም ከብት ቢሞት ጉዳቱ በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም።

በጀርመን የዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚጠቀሰው በሃምቡርግ አቅራቢያ ፉሌንሃገን በሚባል መንደር የሚገኘው ቡሽበርግሆፍ ነው፤ በ1988 ጀመረ። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ በጃፓን «ቴይኬይ» የተባለ ተመሳሳይ ሥርዓት ተስፋፍቶ ነበር። በአሜሪካም በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሺር ሁለት እርሻዎች በዚህ መንገድ ተደራጅተዋል። የኒው ሃምፕሺሩን ቴምፕል ዊልተን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ትራውገር ግሮ ራሱ ከቡሽበርግሆፍ ወደ አሜሪካ የሄደ ገበሬ ነበር። ሁለቱም እርሻዎች አባል የሚከፍለውን ራሱ እንደ አቅሙ እንዲወስን ያደርጋሉ። በጀርመን ማኅበሮቹ በ2011 አገር አቀፍ ኅብረት አቋቋሙ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ400 በላይ ነው። አብዛኞቹ አትክልት ላይ ያተኩራሉ፤ ከብት የሚያረቡና ሥጋ የሚያካፍሉም አሉ።

የቦከንሃይም ነዋሪ እርሻ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከቬስትባንሆፍ በኤስ 6 ባቡር ባድ ፊልበል ሲደርሱ፣ ኒዳ ወንዝ አጠገብ ዶተንፌልደርሆፍ የተባለው እርሻ ይገኛል፤ ከ1968 ጀምሮ በርካታ ቤተሰቦች በጋራ የሚያካሂዱት ሲሆን ላሞቹንም፣ አይብ ቤቱንም፣ ሱቁንም ማየት ይቻላል። እኔ አባል የሆንኩበት እርሻ ግን ሌላ ነው። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ወደ ፎግልስበርግ ተራሮች አቅጣጫ ያለ አነስተኛ የከብት እርሻ ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ አሠራሩ ይበቃናል።

የክፍያው ምስጢር

እርሻው በዓመቱ መጀመሪያ አባላትን ይሰበስብና የወጪ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ያሳያል፦ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመሬት ኪራይ፣ የክረምት ድርቆሽ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የቄራ፣ የማቀዝቀዣ መኪና። አንድ አባል «ትራክተሩ ለምን በዚህ ዓመት ይጠገናል?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ያገኛል። ከዚያ ድምሩ ለድርሻዎቹ ቁጥር ይካፈላል።

በምሳሌ ላስረዳ። የዓመቱ ወጪ 48,000 ዩሮ፣ ድርሻው ደግሞ 40 ነው እንበል። ለአንድ ድርሻ በዓመት 1,200፣ በወር 100 ዩሮ ይደርሳል። ይህ «ሪሽትቬርት»፣ መነሻ ዋጋ፣ ይባላል። በወር አንድ ከብት ቢታረድና 200 ኪሎ ሥጋ ቢወጣው፣ ለአንድ ድርሻ በወር 5 ኪሎ ይሆናል።

ቀጥሎ «ቢተርሩንደ» የሚሉት ይመጣል። ቃሉ የጨረታ ዙር ማለት ቢሆንም ማንም ከማንም ጋር አይወዳደርም። እያንዳንዱ አባል በወር መክፈል የሚችለውን በወረቀት ጽፎ አጥፎ በሣጥን ይከታል። አንዱ 70፣ ሌላው 100፣ ሌላው 140 ሊጽፍ ይችላል። የደመወዝ ወረቀት አይጠየቅም። ተቆጥሮ ድምሩ ብቻ ይነገራል። በምሳሌያችን 4,000 ዩሮ መሙላት አለበት። 3,720 ቢሆን «280 ይጎድለናል» ይባልና ሁለተኛ ዙር ይደረጋል፤ ጥቂት ሰዎች አሥርም ሃያም ይጨምራሉ። ከሞላ ስብሰባው ያበቃል። ካልሞላ ሦስተኛ ዙር ይደረጋል፤ ያም ካልሆነ ከወጪው አንዱ ይሰረዛል። ሁሉም ሰው ግን የሚወስደው ያው 5 ኪሎውን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። ምስጢርነቱ ለጉባኤው ነው እንጂ ፍጹም አይደለም። ክፍያው በየወሩ ከባንክ ስለሚተላለፍ ሒሳብ ያዡ ማን ስንት እንደሚከፍል ያውቃል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት «ዝርዝሩን ማን ያየዋል?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም እርሻ በዚህ መንገድ እንደማይሠራም ይወቁ፤ ሁለት ሦስት የዋጋ እርከን አውጥቶ አባሉ ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርግ አለ፤ ለሁሉም አንድ ዋጋ የሚያስከፍልም አለ።

እኛ ስደተኞች ከፎርም ጋር ብዙ ኖረናል። በዚህ ከተማ «ፍራንክፈርት ፓስ» የሚባል ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች የቅናሽ መታወቂያ አለ፤ ጠቃሚ ነው፣ የሚገባችሁ ውሰዱት። ግን እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ነገር የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው ደግሞ የሚገባውን ገንዘብ እንጂ በዌስተርን ዩኒየን የሚወጣውን አያይም። ደሴ ያለችውን እናት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባውን የእህት ልጅ፣ የሰርጉን፣ የለቅሶውን የሚጽፉበት መስመር የለም። በሣጥን የሚገባው ወረቀት ግን ይህን ሁሉ ይችላል። አቅምህን የምትመዝነው አንተ ስለሆንክ ወደ አገር ቤት የምትልከውን ቀንሰህ ብትጽፍ የሚከስህ የለም። ለእኛ ዓይነቱ ሰው የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ይሉኝታ በሣጥኑ ፊት

እኔ አባል የሆንኩት በ2018 ነው። የመጀመሪያ ሁለቱን ዓመታት ከመነሻው ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጌ ጻፍኩ። ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ትርፍ ሰዓትም ነበረኝ። ከፍ አድርጎ መጻፍ ደስ ይላል፤ ማንም ባያየውም ራስህ ታየዋለህ።

ከዚያ 2020 መጣ። በ2019 ከ70 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናገደው የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በ2020 ያስተናገደው 19 ሚሊዮን የማይሞላ ነበር። እንደ ብዙዎቹ እኔም «ኩርትስአርባይት» ገባሁ፤ ሰዓትህ ተቀንሶ ከጎደለው የተጣራ ደመወዝ መንግሥት በመነሻው 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን የሚተካበት ሥርዓት ነው። ከኪራይና ከመብራት በኋላ የሚቀረው እንኳን ለሥጋ ለጎመንም የሚያሳስብ ሆነ። አገር ቤት ያሉት ደግሞ የባሰ ችግር ላይ ነበሩ።

በሚቀጥለው የመዋጮ ዙር ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ቤት ሳለን «ስልሳ ጻፍ፤ ከዚያ በላይ የለንም» ብላኛለች። እስክሪብቶዬ ግን ስልሳን እምቢ አለ። አጠገቤ አንድ ጡረታ የወጡ የጀርመን መምህርት ተቀምጠዋል፤ ወረቀቴን አላዩትም፣ ሊያዩትም አልፈለጉም። እኔ ግን የሚያዩኝ መሰለኝ። መቶ ጻፍኩ። ሞላ። ወጣን።

አራት ወር መቶ ዩሮ ከፈልኩ። በሦስተኛው ወር ለእናቴ የምልከውን አዘገየሁ። ባለቤቴ የባንኩን ወረቀት አይታ «ለማን ብለህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያኔ ገበያ ላይ ያገኘኋት እህታችን ትዝ አለችኝ። እርሷ ከማፈር መቅረትን መረጠች፤ እኔ ከማፈር የእናቴን ገንዘብ ማዘግየትን መረጥኩ። ሒሳብ ያዡ ዘንድ ደውዬ ወደ ስልሳ እንዲያወርዱልኝ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ «ምክንያቱን መንገር የለብዎትም። በጊዜ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ የከበደን አባላት በድንገት ሲጠፉ ነው» አሉኝ። ጉድለቱ ለዚሁ ተብሎ ከተቀመጠ መጠባበቂያ ተሸፈነ። ሥራዬ ሲመለስ በበኩሌ ከመነሻው በላይ መክፈል ጀመርኩ። ማንም ክፈል አላለኝም።

ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከአቅም በታች መጻፍ ሐሰት ነው፤ ከአቅም በላይ መጻፍም ሐሰት ነው። የመጀመሪያው ሌላውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቤትህን ይጎዳና በመጨረሻ ሰውየውን ከማኅበሩ ያስወጣዋል። ወደ ስብሰባው ከመሄዳችሁ በፊት ባልና ሚስት ተነጋግራችሁ ቁጥሩን ቤት ጽፋችሁ ሂዱ። በአዳራሹ ውስጥ የሚጽፈው እናንተ ሳትሆኑ ይሉኝታ ነው።

ስለ ሥጋው ማወቅ የሚገባን

አሁን ወደ ሙያው ልመለስ። ለሐበሻ ቤት ከዚህ ዓይነት እርሻ ጋር ሲዋዋሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ጾም። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ነው፤ ሥጋው በሁዳዴም ይመጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ የሁለት ወር ድርሻ፣ በምሳሌያችን 10 ኪሎ፣ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያትን ካከሉበት ደግሞ እንደገና። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚይዝ በቂ ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ድርሻ ለሁለት ቤተሰብ ይግቡ፤ ወይም በጾም ወራት የሚደርስዎትን ለማይጾም አባል ሰጥተው በፋሲካ ለመቀበል ይስማሙ። የእኛ እርሻ ይህን ስናስረዳቸው ያለ ችግር ተቀብለውናል።

ሁለተኛ፣ የተሰቀለ ሥጋ። ጀርመኖች የበሬ ሥጋ እንዲለሰልስ ሁለት ሦስት ሳምንት በቅዝቃዜ ሰቅለው ያቆዩታል። ለጥብስ ድንቅ ነው። ትኩስ ሥጋ ለለመደ ሰው ግን ጠረኑም ቀለሙም እንግዳ ይሆንበታል። ትኩስ ከፈለጉ ከዕርዱ በፊት ይናገሩ።

ሦስተኛ፣ ብልቱ። በድርሻው ጥቅል «ጉላሽ» የተባለው ለወጥ፣ «ዙፐንፍላይሽ» የተባለው ባለ አጥንት ሥጋ ለቅቅል ይሆናል። ጉበት፣ ጨጓራና ቅልጥም ብዙ አባላት ስለማይፈልጉ በጥቅሉ ላይገቡ ይችላሉ። ይጠይቁ። እኔ በጠየቅሁ ጊዜ ገበሬው «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ነበር ያለኝ። ሻኛ ግን አይፈልጉ፤ የአውሮፓ ከብት ሻኛ የለውም።

አራተኛ፣ ጥሬ ሥጋ። ሥጋው ሁሉ በሐኪም የሚመረመር ቢሆንም ምርመራ ፍጹም አይደለም። በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሁለት ሳምንት የቆየ ሥጋ የኮሶ ትል ዕጩ ይሞታል። ባክቴሪያ ግን በበረዶ አይሞትም። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ሰው ክትፎውን አብስሉት።

አምስተኛ፣ ሕጉ። በሬን በግቢ አርዶ ለጎረቤት ማካፈል በጀርመን የተከለከለ ነው። ለብዙ ሰው የሚከፋፈል ከብት ፈቃድ ባለው ቄራ መታረድ፣ ሥጋውም በመንግሥት ሐኪም መመርመር አለበት። የእንስሳት ጥበቃ ሕጉ ከብት ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ ያዛል። ለሃይማኖት ሲባል ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት አንቀጽ አለ፤ በ2002 የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እዚሁ ሄሰን የሚሠራ አንድ ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ያቀረበውን አቤቱታ ተቀብሎ አንቀጹ ተግባራዊ እንዲሆን ወስኗል። በዚያው ዓመት ደግሞ የእንስሳት ጥበቃ በሕገ መንግሥቱ ገባ፤ ስለዚህ ፈቃዱ ዛሬም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እስላምና ክርስቲያን በየራሱ ባርኮ ያረደውን ብቻ መብላት ለለመደው ሕዝባችን ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዕርዱ የትና እንዴት እንደሚከናወን በግልጽ ጠይቁ። እኛ ከመካከላችን አንድ ሰው ቄራው ድረስ ሄዶ «በስመ አብ» እንዲል ጠይቀን ተፈቅዶልናል።

ስድስተኛ፣ መውጫው። ሥራ ብታጡ፣ ከተማ ብትቀይሩ ውሉ እንዴት ይፈርሳል? ምትክ ሰው ማምጣት ያለበት ማን ነው? ክፍያ በዓመቱ መካከል ይቀነሳል ወይ? ይህን በጽሑፍ ያዙ።

ወደ ቅርጫው መመለስ

የእርሻውን ነገር ለቅርጫ ጓደኞቼ ያነሣሁት ባለፈው ክረምት ነው። የበሬ ዋጋ ንሮ ስለነበር ሌሎች ሁለት ቤተሰቦችም «ዘንድሮ ይቅርብን» ማለት ጀምረው ነበር። «ለምን በፖስታ አናደርገውም?» አልኩ።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ ጓደኛችን «ቅርጫ እኩል ካልሆነ ምኑን ቅርጫ ሆነ?» አለ። ሌላው፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው መሐንዲስ ነው፣ «ሠርቼ ባገኘሁ ለምን ቅጣት ይሆንብኛል?» አለ። ሦስተኛው «ሁሉም ዝቅ አድርጎ ቢያስገባስ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው፣ መደቡ እኩል ነው፣ ዕጣውም እንደ ጥንቱ ነው አልነው። ለሁለተኛው፣ ማንም ጨምር አይልህም፣ መነሻውን አስገብተህ መሄድ ትችላለህ አልነው። ለሦስተኛው መልስ የለንም፤ ካልሞላ በሬ አንገዛም፣ በግ እንገዛለን አልን። ሳቁና ተስማሙ።

በሬው ከነቄራው 2,880 ዩሮ ተተመነ፤ ለ12 ሲካፈል 240 ነው። 12 አንድ ዓይነት ፖስታ ገዛሁ፤ ገንዘቡ በጥሬው ተከትቶበት ታሽጎ ተሰበሰበ። ከእርሻው አሠራር የሚለየው ይህ ነው፤ በባንክ ስላልመጣ ሒሳብ ያዡም ማን ስንት እንዳስገባ አያውቅም። ስንቆጥረው 2,760 ሆነ፤ 120 ጎደለ። ለሁለተኛው ዙር ሁሉም እንደገና ፖስታ ሰጠ፤ የማይጨምርም ባዶውን አሽጎ ይሰጣል፣ ይህ ግዴታ ነው። ከ12ቱ ፖስታ 7ቱ ባዶ ነበሩ። በ5ቱ ውስጥ ግን 145 ዩሮ ተገኘ። ትርፉ 25 ዩሮ ለአዋዜና ለሎሚ ዋለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ።

ፖስታው ከመሰብሰቡ በፊት እህታችን ዘንድ ደውዬ ነበር። አሠራሩን እንጂ ሌላ ነገር አልነገርኳትም። «ባዶም ቢሆን ፖስታው ይታሸጋል አልክ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ይታሸጋል» አልኳት።

የቀዳሚት ሥዑር ለት በገበሬው ሥጋ መቁረጫ ክፍል 12 መደብ ተደረደረ። ጨጓራውን ያጠበችው እርሷ ናት፤ እኛን እንደ ድሮው እየተቆጣች። ለዕጣ የቤቷን ቁልፍ ሰጠች። የመሐንዲሱ ትንሿ ልጅ ምልክቶቹን ተቀብላ በየመደቡ ስታስቀምጥ የእህታችን ቁልፍ ፍሪምባው በዛ ያለ በመሰለን መደብ ላይ አረፈ። «ዘንድሮ ቀንቶሻል» አሏት።

ምን ያህል እንዳስገባች አላውቅም። ፖስታዎቹን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ግን አላውቅም። ቸር ይግጠመን።